እህ ባይዋ

ልጅ ሳለሁ፣ ዓርብ ማታ ባቡሩ ሥራ አቁሞ ሰፈራችን ፒስጋት ዘኤቭ ጭር ሲል፣ እናቴ ለሰንበት የለኮሰቻቸው ሻማዎች ቀስ እያሉ ሲቀልጡ፣ አያቴ አባባ ተረት ይጀምሩልን ነበር። ያኔ የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ፍም የለ፣ ምድጃ የለ። የሰንበቱን ምግብ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ፕላታ ብቻ ቀይ መብራቱን አብርቶ ጥግ ይዟል። እኛ ልጆቹም እሱኑ እንደ እሳት ከበን ወለሉ ላይ እንቀመጣለን።

አባባ ስመ ጥር ነበሩ። ለስግድ በዓል አርሞን ሃናጺቭ ወደሚባለው ከፍታ ስንወጣ ከሌላ ከተማ የመጣው ሁሉ ጉልበታቸውን እየሳመ «ተረት አዋቂው እርስዎ ነዎት?» ይላቸዋል። ደስ ይላቸዋል፤ ትንሽ ጉራ ይወዱ ነበር። እህታቸው እትዬ ያልጋነሽ ጃንጥላውንና የውሃ ጠርሙሱን ይዘው ከኋላቸው ይቆማሉ። እርሳቸውን ማን ነዎት ያለ ሰው አላየሁም።

እትዬ ያልጋነሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛው ጋር ይኖሩ ነበር። ተረት አይናገሩም። ሥራቸው «እህ» ማለት ነው። አባባ ትንፋሽ ሲወስዱ «እህ» ይላሉ፤ ጅቡ በር ላይ ሲደርስ «ኧረ ጉድ!»፤ ልጅቷ ስታመልጥ «እሰይ!»። ተረቱ ዜማ ካለው አባባ አውጪ፣ እርሳቸው ተቀባይ ናቸው፤ የአባባ ድምፅ ሲደክም የእርሳቸው ከሥር ገብቶ ሳይታወቅ ያነሳዋል። እኛ ታዲያ የምናደንቀው አባባን ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ሰንበት እንደ ወጣ፣ ተማሪው የአጎቴ ልጅ አቪ የድምፅ መቅረጫ ተውሶ መጣ። የአባባ ተረት እንዳይጠፋ አስቦ ነው። አማርኛው ስብርብር ያለ፣ ልቡ ግን ደግ ነበር።

«ዶዳ፣ ቤቫካሻ፣ አንቺ አትናገሪ። የሳባ ድምፅ ብቻ ይግባ» አላቸው፤ ዕብራይስጥ ቀላቅሎ አክስቴ፣ እባክሽ፣ የአያቴ ድምፅ ብቻ ማለቱ ነው።

አንቺ በማለቱ ማንም አልተቀየመም፤ እዚህ የተወለድን ልጆች አነጋገራችን እንዲያው ነው። እትዬ ያልጋነሽ «እሺ ልጄ፣ ዝም ነው» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አባባ ጅቡ ሙሽራ ሊሰርቅ የመጣበትን ተረት ጀመሩ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የሚመሩት በጆሯቸው ነበር። ትንሽ ይናገሩና ቆም ይላሉ፣ ይጠብቃሉ። ዜማው ጋ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ስንኝ አወጡ፤ የሚቀበል የለም። ያ ሁልጊዜ ሳቅ በሳቅ የሚያደርገን ተረት ሙሽራዋ ገና ሳትድን አለቀ። «ዛሬስ ደክሞኛል» አሉ።

በዚያው ክረምት እትዬ ያልጋነሽ አረፉ። ዝናብ እየጣለ ቀበርናቸው። ከዚያ በኋላ ስንለምናቸው አባባ አንድ ጊዜ ብቻ ጀምረው ነበር። እኛ ግን ትምህርት ቤት ሰው ሲናገር ጸጥ በሉ እየተባልን ያደግን ነንና አፋችንን ከፍተን ጭጭ አልን። አባባም ተረቱን በዚያው ተዉት። ሐዘን ነው ተባለ፤ ሐዘንም ነበር።

ዛሬ አባባም የሉም። ዘፈን ስሰማ ጆሮዬ ከዘፋኙ አልፎ ተቀባዮቹን ይፈልጋል፤ ስማቸውን የሚነግረኝ ግን የለም። የእትዬ ያልጋነሽ ድምፅ የትም ተቀርጾ አልተቀመጠም፤ ይህ ያንገበግበኛል። ያንን ቀረጻ አቪ ለሁላችንም ልኮልናል። የአባባ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከስንኙ በኋላ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው «ያልጋነሽ፣ አለሽ?» ይላሉ። ቀረጻው ላይ መልስ የለም። እኔ ግን አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ እትዬ ያልጋነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ፣ አለሁ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።