ለመምህሩ ያጠጣሁት ኮሶ

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። ለነፍስ አባቴም ጾም መሻሬን እናገራለሁ እንጂ ይህን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣሁትም። ፊቴን ስለማታዩት ለእናንተ ልናገር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ነቀምት። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። ስለዚህ ለልጄ ለተስፋዬ ትምህርት ከልክ በላይ እሰጋ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ደርሶ የሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብማ እንቅልፍ አጣሁ።

ያኔ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ሳያስመርቅ በፊት ማስተማር እንዲለማመዱ ለአንድ ዓመት በየአውራጃው ይልካቸው ነበር። ለእኛ ትምህርት ቤት የደረሰው ዳኛቸው የሚባል ቀጭን የጎጃም ልጅ ነው። ነባሩ መምህር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊያርመው፣ የዩኒቨርሲቲው አስተማሪም መጥቶ ሲያስተምር ሊያየው ነበር ስምምነቱ። ነባሩ መምህር ግን ክፍሉን አስረክቦት ጠላ ቤት ገባ። ልጁ ብቻውን ቀረ። የሚያድረውም የሚበላውም እኔ ቤት ነበር።

አንድ ቀን ተስፋዬ እየሳቀ መጣ። «እማዬ፣ ጉም ለምን ሸለቆው ውስጥ ብቻ ይተኛል ብዬ ጋሼን ጠየቅኩት። ‹አላውቅም፣ ነገ በጠዋት ወጥተን አብረን እንየው› አለኝ!»

ልጁ ደስ ብሎት ነው። እኔ ክው አልኩ። አላውቅም የሚል መምህር ነው ልጄን ለፈተና የሚያደርሰው? ጀማሪ ፀጉር ቆራጭ በሰው ራስ ላይ እንደሚለማመድ፣ ይህ ልጅ በልጄ ራስ ላይ ይለማመዳል አልኩ። ነባሩ መምህር ከነዱላው እንዲመለስ ተመኘሁ።

እሁድ ዳኛቸው ሰው ሊጠይቅ እንደወጣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኦቦ ገመዳ ደጃፌ ላይ ቆሞ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«አካም ኦልታን፣ አዴ በላይነሽ? ነገ የዳኛቸው አስተማሪ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ክፍል ገብቶ ሊያየው ነው። ሲመለስ ይንገሩልኝ።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አልኩ። አልነገርኩትም።

ያን ሰሞን ሆዱን እያመመው ነበር። ማታ ኮሶ ታይቶብሃል ብዬ ኮሶ ዘፈዘፍኩ። መጠኑንም ሆን ብዬ አበዛሁት። ጎህ ሲቀድ በቀንድ ዋንጫ ሞልቼ ሰጠሁት።

«እትዬ፣ ክኒን ብገዛ አይሻልም? ደግሞ ክፍል አለብኝ።»

«ኧረ ወዲያ! ልጆቹ አንድ ቀን ቢያርፉ አገር አይፈርስም። እናትህ ብትሆን ዝም ትልህ ነበር?»

እናቱን ስጠራበት አፍንጫውን ይዞ ጨለጠው። የሰውን እናት ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚጠራ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?

ሐሳቤ ከአልጋው ሳይነሳ እንዲውል፣ እንግዳውም መምህር የሌለበት ክፍል አይቶ እንዲመለስ ነበር። ኦቦ ገመዳ ግን እየሮጠ መጣ። «እንግዳው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፣ አንተ ገና ተኝተሃል!» ዳኛቸው ዞሮ አየኝ። ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። ጋቢ ይዤ ተከተልኩት። አዝኜለት እንዳይመስላችሁ፤ ማየት ፈልጌ ነው።

በመስኮት አየሁት። ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ መስመር ጀመረ፤ መስመሩ ተጣመመበት። ወዲያው በተማሪዎቹ ፊት፣ እንግዳው እግር ሥር አስመለሰ። ሊወጣ ሲሮጥ ሱሪው ላይም አመለጠው። ልጆቹ አውካኩ። የእኔ ልጅ አልሳቀም፤ ከዘበኛው ማንደጃ አመድ ዘግኖ አምጥቶ ትውከቱን አለበሰው። እኔስ? እኔ እፎይ አልኩ። ከትውከቱ ይልቅ እስከዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ያ እፎይታ ነው።

ማታ ኦቦ ገመዳ ተመልሶ መጣ። «አዴ፣ መልእክቱን አላደረስክም ብሎ ዲሬክተሩ ሊያባርረኝ ነበር። ልጁ ‹እትዬ ነግረውኛል፣ የረሳሁት እኔ ነኝ› ብሎ አዳነኝ። ነግረውት ነበር?»

«እንዴታ! ነግሬዋለሁ» አልኩ።

አስተማሪው ሊመጣ ኮሶ የጠጣ ዝርክርክ ተባለ። ልምምዱን ሌላ አገር ሄዶ እንደገና እንዲጀምር ተፈረደበት። ሲሰናበተኝ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ስላስታመሙኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። እኔም «አሜን» አልኩ። አሜን ያልኩበት ምላሴ ያስጠላኛል።

ነባሩ መምህር ከነዱላው ተመለሰ። ልጆቹ ከሰሌዳ መገልበጥ ጀመሩ። ተስፋዬ ፈተናውን አለፈ። ስንት ዘመን በዚህ ተሸሸግኩ! ልጄ አልፏል፣ ምን አጠፋሁ እል ነበር። ስለ ጉሙ ግን ዳግመኛ አልጠየቀም፤ ሌላም ነገር አልጠየቀም። ማስተማር የሚለማመድ ሰው በልጆች መካከል ካልተለማመደ የት ይለማመድ? ይህን ለማወቅ ስንት ክፍል መማር ያስፈልገኝ ነበር? ነባሩ መምህር ጥሎታል፣ ዲሬክተሩም አይቶ ዝም ብሏል። ኮሶውን የዘፈዘፍኩት ግን እኔ ነኝ። ያጠጣሁት እኔ ነኝ።

ይቅር በሉኝ አልልም። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል።

ኮሶውን ባጠጣሁት ዕለት ዋንጫውን በአመድ አሽቼ አጠብኩት። ተስፋዬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በዚያው ዋንጫ ወተት ቀዳሁለት። ወደ አፉ አስጠግቶ አሸተተና አስቀመጠው።

«እማዬ፣ ኮሶ ኮሶ ይላል።»

«ጠጣው» አልኩት።

ዓይን ዓይኔን እያየ ጠጣው።