ፀጉር የሌለበት ፎጣ

ባሌን ሰዉ ሁሉ ጭምቱ ነው የሚለው። እውነትም ጭምት ነው፤ ከቤታችን ወሬ የሚወጣው በእኔ አፍ ብቻ ነው። እኔ አፌም ዓይኔም አያርፍም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ ይህን ሲል የኖረውም አባቴ ነው። ስለዚህ በኋላ እሱን ራሱን ብጠረጥረው የእጁን አገኘ።

አባቴ ፀጉር ቤት አለው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ረጅም መስታወት፣ ሁለት ወንበር፣ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች የሚደረደሩበት አግዳሚ። ውስጠኛው ወንበር የአባቴ፣ የበሩ ደግሞ የባሌ ነበር። ቤቱ አንድ ሕግ አለው፤ የበሩ ወንበር ምላጭ አይነካም። ባሌ የደንበኛውን ፀጉር በመቀስና በቶንዶስ ያስተካክላል። ሲጨርስ ደንበኛው ጨርቁን እንደለበሰ ተነስቶ ወደ ውስጠኛው ወንበር ይዛወራል፣ አባቴ ማጅራቱንና ጢሙን በምላጭ ያነሳለታል። «መጨረሻው የኔ ነው» ይላል አባቴ። ባሌ እዚያ ቤት ሲገባ ጢም እንኳ አላበቀለም ነበር። እኔን አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት አውጥቶም አንድ ራስ ራሱ ጀምሮ ራሱ ጨርሶ አያውቅም።

የፀጉር ቤቱን ፎጣ የማጥበው እኔ ነኝ። ነጩ የምላጭ ነው፣ ሰማያዊው የበሩ ወንበር። ፎጣ የሚያጥብ ሰው የማያውቀው ነገር የለም፤ ማን ፀጉሩ እየረገፈ እንደሆነ፣ ማን ተደብቆ ቀለም እንደጀመረ ሁሉ ይታየዋል። አንድ ቀን ታዲያ ነጮቹን ሳራግፋቸው አንዲት ፀጉር የለችባቸውም። እርጥብ ናቸው፣ ተጨምቀዋል፣ ግን ሳሙና ሳሙና አይሸቱም። በማግስቱም እንዲሁ። ሰማያዊዎቹ ግን ፀጉር ጠግበው ነው የሚመጡት።

እግዜር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባሌን ነው። ዝምተኛ ሰው ሆዱ አይታወቅም። ደንበኛውን በሹክሹክታ «ወደ ውስጥ አትለፍ» እያለ የአባቴን ጉሮሮ እየዘጋ ይሆን አልኩ።

ማታ ሲገባ «ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ደህና።»

«አባዬስ?»

«ደህና።»

«ከአንተ ወሬ ከመጠበቅ ከድንጋይ ውሃ መጠበቅ ይሻላል።»

ይህን ለምዶታል፤ ጫማውን አውልቆ ልጆቹ ጋ ሄደ።

በዓይኔ ካላየሁ አይሆንልኝም ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ የታጠበውን ፎጣ ይዤ ሄድኩ። ድምፄን አጥፍቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ በመስታወቱ ሁሉም ይታየኛል። ባሌ የአንድ ባለ ታክሲ ፀጉር ጨርሶ አራገፈለት። አባቴ ተነስቶ ወንበሩን ጠረገ። ባለ ታክሲው ማጅራቱን በመዳፉ ሸፍኖ «ጋሼ፣ ዛሬ እቸኩላለሁ፣ ሌላ ቀን» አለ። ባሌ «እለፍ እንጂ፣ ቶሎ ያነሱልሃል» ብሎ ለመነው፤ ሰውየው እምቢ ብሎ ወጣ። ቀጥሎ የተነሳው አስተማሪም ቸኮለ። አግዳሚው ላይ ተጎልቶ ሲጠብቅ ያልቸኮለ ሰው ምላጭ ሲያይ ይቸኩላል።

ከዚያ አባቴ ግራ ቀኙን አየ። ከመደርደሪያው ንጹህ ነጭ ፎጣ አነሳ፣ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ጨምቆ ወደ ቆሻሻው ቅርጫት ጣለው። ሲጨምቀው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፎጣውን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የሚደበቀው ከእኔ ነው። ሳልገባ ተመለስኩ።

ያየሁትን ለባሌ ስነግረው «አውቃለሁ» አለ። ቀጥሎም «ገበያው ማዶ አንድ ክፍል አይቻለሁ። ካየሁት ቆየ» አለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የእሳቸው ልጅ ነሽ።»

ለካስ እኔ እሱን ስጠረጥር እሱም እኔን ይጠረጥር ኖሯል። ከፋኝ፤ ግን ምን እላለሁ፣ እውነቱን ነው።

ነገሩን ገና እያብላላን ሳለ፣ ማን ሹክ እንዳለው እንጃ፣ አባቴ ባሌን ጠርቶ ምላጩን በእጁ ሰጠው። «ከዛሬ ጀምሮ ውስጠኛው ወንበር ያንተ ነው» አለው። ባሌ ፊቱ በርቶ መጣ። «እንግዲህ እንቆይ» አለኝ። እኔ ግን ነገሩ አልጣመኝም። አባቴን አውቀዋለሁ፣ ሰላምታ እንኳ በነፃ አይሰጥም። ያን ሁሉ ዘመን ከወንበሩ ያልተነሳ ሰው፣ ሌላ ክፍል መታየቱን በሰማ ማግስት ለምን ይነሳል?

እንደገና ፎጣ ይዤ ሄድኩ። ባሌ ውስጠኛው ወንበር ጋ ቆሟል፣ አባቴ ከጀርባው ተለጥፏል።

«ዝቅ አድርገው። ቆዳውን ወጠር አርገው። ቀስ፣ ቀስ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ይሄ ነው እሺ? አምጣ ወዲህ።»

ምላጩን ተቀብሎ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ አሳየውና መልሶ ሰጠው። የሚላጨው ጎረምሳ፣ በልጅነቱ ባሌ ወንበሩ ላይ ባጋደመው ጣውላ አስቀምጦ ያስተካክለው የነበረ ነው። በመስታወቱ ባሌን አየና ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቅ ይሁን ሐዘን አልለየሁም።

ቤት ስንገባ «ወንበር ቀየርክ እንጂ ሌላ ምን ተለወጠ?» አልኩት። «የልጆች አባት ሆነህ አሁንም አምጣ ወዲህ ትባላለህ?»

«እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው?»

«በአፍህ» አልኩት።

ጧት አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን ከሄደ ሳይናገር እንደሚመለስ ስለጠረጠርኩ ነው። «ጋሼ» አለ፣ «ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ግን አንድ ራስ ራሴ ጀምሬ ራሴ መጨረስ እፈልጋለሁ፤ እርስዎ ባሉበት ደግሞ አልችልም።» ከተጋባን ወዲህ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። አባቴ ምላጩን አጠፈ። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ነሽ» አለ።

ክፍሉን ተከራይተን ከፈትን። አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት። ሰው ግን ጠፋ። ይሉኝታ ነው፤ «ሽማግሌውን ጥለን እንዴት እንሄዳለን» ይባባላሉ አሉ። በበራችን ሲያልፉ አንገታቸውን ሰብረው ነው። ባሌ ጧት የወለወለውን መስታወት ቀትር ላይ ይወለውላል። አንድ ቀን «ተመልሼ ልለምናቸው ይሆን?» አለኝ። እምቢ የምልበት ወኔ እኔም አልነበረኝም።

በሳምንቱ ግን ቤቱ ሞላ። አስተማሪው መጣ፣ ጎረምሳው መጣ፣ ባለ ታክሲውም ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። እንዲህ ያለ ሲሳይ በባዶ አይመጣም ብዬ ባለ ታክሲውን ያዝኩት። «ምን ተገኘ?»

ሳሙናው አገጩ ላይ እንዳለ ቀና አለ። «አባትሽ ናቸዋ። ‹እጁ አልበሰለም፣ አባረርኩት› እያሉ ለገባ ለወጣው ያወራሉ። ይህን ያህል ዘመን ያገለገለ ሰው እንዲህ ይባላል? ተቀየምን። ሁለተኛ እዚያ ቤት አልረግጥም።»

በቀጥታ ወደ አባቴ ሄድኩ።

ብቻውን ነበር። ራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ አግዳሚው ባዶ ነው።

«ምን አድርጎህ ነው ስሙን የምታጠፋው?» አልኩት። «ልጅ ሆኖ መጥቶ እዚሁ ሸበተልህ። እጁ አልበሰለም ትላለህ? ሰዉ ሁሉ እኮ ተቀይሞህ ቀረ።»

ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። «መጡለት?»

«እነማን?»

«ሰዎቹ። መጡለት ወይ?»

ፊቱን አየሁት፣ ምንም አያስነብብም።

«መጡ» አልኩት።

«እንግዲያው ምን ትጮሂብኛለሽ?» አለና ጋዜጣውን መልሶ አነሳ። «ስትወጪ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል። የሚመጣ ሰው የለም።»