በሩ በማን ቀኝ ይከፈታል?

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በዚያ ዘመን የከተማውን ባቡር የተሳፈረ ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀው ነበር፤ ቲኬት ቆራጯ መብሻዋን ከብረቱ ምሰሶ ጋር ስታጋጭ ነው። ወዲያው «ሆስፒታል! ወራጅ በቀኝ!» የሚለው ድምፅዋ ፉርጎውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። ማይክራፎን የለ፣ ምን የለ። ስሟ ተረስቶ «ሬዲዮ» የተባለችውም ያኔ ነው።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቤቱ ጠቧት ስትንቆራጠጥ የከረመችው ሬዲዮ፣ ዛሬም በድምፅ መቅረጫው ክፍል ወንበሩ አልመች ብሏታል። ማየት ለተሳናቸው መንገደኞች ሲባል በየባቡሩ የተቀረጸ ድምፅ ሊገባ ነው። የሷ ድምፅ! ካልሆነላት ግን አንዲት ወጣት ተጠባባቂ አለች። የስልክ ኦፕሬተር የሆነው ዐይነ ስውር ታናሽ ወንድሟ ሰምቶ እንዲፈርድ ጥግ ይዟል።

ድምፅ ቀራጩ የመጀመሪያ ቅጂዋን አሰማ። «ቀጣዩ ፌርማታ ሆስፒታል። በሩ በስተቀኝ ይከፈታል።»

ወንድሟን ሳቅ አመለጠው። «እትዬ፣ በማን ቀኝ?»

«በማን ይሁን? በቀኝ ነዋ!»

«እኔ እኮ እዚያ ስወርድ የኖርኩት በግራ ነው። አንቺን ስለለመድኩሽ ቀኝ ስትይ ግራ እላለሁ። ሌላው ምስኪን ግን የተዘጋ በር ታቅፎ ፌርማታው ያልፈዋል።»

«ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ባቡር! ደግሞ አንተ ምን አይተህ ነው?»

ያለችውን የሰማችው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። ቀራጩ በሽቦው ተጠመደ። ወንድሟ በትሩን ከግድግዳው አነሣ።

አላስቀምጥ ሲላት ተነሣች። ጀርባዋን እንደ ድሮው ለሾፌሩ፣ ፊቷን ለተሳፋሪው አድርጋ ቀኝ እጇን ዘረጋች። እጇ በወንድሟ ግራ በኩል ዋለ። ወይ ጉድ! ለካ የሚያየው ሰው ቃሏን ትቶ እጇን ተከትሎ ነው ሲወርድ የኖረው!

«እናቴ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ይችሉታል? ካልሆነ ልጅቷን…» አለ ቀራጩ።

«ምን ሲደረግ!»

ወንበሯን አዙራ፣ እንደ ተሳፋሪ ፊቷን ወደ ግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ቀዩ የመቅረጫ መብራት በራ።

«ቀጣዩ ፌርማታ ሆስፒታል። በሩ በስተግራ ይከፈታል።»

ድምፅዋ እንደ ልጅነቷ ጠራ። ከኋላዋ የወንድሟ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። ይቅርታው ምላሷ ላይ ደርሷል፤ መብራቱ ግን አልጠፋም።

«ቀጣዩ ፌርማታ ገበያ…»

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ቀስ ብሎም ተዘጋ።