ሣር የሚፈራ እጅ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ሙዜ ካቶ አሸዋ የሞላበት የጨርቅ ከረጢት ትከሻዬ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ሙዜ ካቶ የጎልፍ ሜዳው የኬዲዎች አለቃ ነበሩ፤ ሙዜ ለሽማግሌ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ኬዲ የተጫዋቹን የዱላ ቦርሳ ተሸክሞ ሜዳውን አብሮት የሚዞር ሠራተኛ ነው። እኔም ቦርሳ ሊሰጡኝ ነው ብዬ ጓጉቼ ነበር የሄድኩት። "ለቦርሳ ገና ነሽ፣ ኒያቦ" አሉኝ፤ ኒያቦ በሉጋንዳ እመቤት እንደ ማለት ነው። "መጀመሪያ ከሣሩ ጋር ተዋወቂ።"

ማለዳ ነበር። ከካምፓላው የናካሴሮ ኮረብታ ግርጌ ጭጋጉ ገና አልተነሳም፤ ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። ማራቡ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ሜዳው ላይ ዝም ብለው ቆመዋል። ከጭጋጉ ውስጥ ኳስ ሲመታ ይሰማል፣ የመታው ሰው ግን አይታይም። ሕልም ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህም በደንብ የነቃሁ አይመስለኝም።

ከዚያ በፊት ካንሳንጋ ሰፈር ባንድ ያበሻ ምግብ ቤት ሳህን አጥብ ነበር። ምሳቸውን እዚያ የሚበሉ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ የአገሬ ሰው ነበሩ፤ ኪሰንዪ ውስጥ የመኪና ጎማ ይነግዳሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎልፍ ይጫወታሉ። አንድ ቀን ሂሳብ ሲከፍሉ "ሙሉ፣ እኛ ሜዳ ሴት ኬዲ ይፈልጋሉ" አሉኝ። "እኔ ስለ ጎልፍ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ?" ብላቸው "እግር አለሽ አይደል? በይ ነገ ቦዳ ያዢና ነይ" ብለው ወጡ። በማግስቱ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ሄድኩ።

የአሸዋው ሥራ እንዲህ ነው። ተጫዋች ኳሱን መሬት ላይ እንዳለ ሲመታ ዱላው ሣሩን ከነሥሩ ቆርሶ ያነሳዋል። ቁራጩን ፈልጎ ማንሳት፣ ሥሩን ወደ ታች አድርጎ ቦታው መመለስ፣ በጫማ ሶል ረገጥ ማድረግ። ቁራጩ ከተበታተነ ደግሞ ጉድጓዱን ዘር በተቀላቀለበት አሸዋ ሞልቶ መደልደል። ሙዜ ካቶ ከኋላዬ እየተከተሉ በእግራቸው ይዳስሱ ነበር። "ሰው ያለፈበት እንዳይታወቅ አድርጊ" ይሉኛል። ይህንን ትእዛዝ ወደድኩት። በሰው አገር ለሚኖር ሰው የተመቸ ትእዛዝ ነው፤ እኔም ካምፓላ ውስጥ የምኖረው እንዲሁ ነበር፣ ማለፌ ሳይታወቅ።

ከአሸዋ ወደ ቦርሳ፣ ከቦርሳ ደግሞ ለተጫዋቹ ርቀትና ነፋስ ወደሚነግር አንደኛ ደረጃ ኬዲ አደግሁ። ከረጢቱን ግን አልተውኩም። ጓደኛዬ ጆይ፣ እሷም ኬዲ ናት፣ "ሙሉ የሰው ሜዳ ስትጠግን ታረጃለች" እያለች ትስቅብኛለች። ተጫዋች ሣር ሲቆርስ እውነትም ሆዴን ቅር ይለኛል። ቁራጩ ገና አየር ላይ እያለ እኔ መንገድ ጀምሬያለሁ።

ሰኞ ሰኞ ሜዳው የኛ የኬዲዎች ነው። አባላት ያልፈለጓቸውን ዱላዎች ተውሰን እንጫወታለን። እንጨት ከሚባሉት ጀመርኩ። ዛሬ እንጨት የለባቸውም፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረው፤ ረጃጅም ናቸው፣ ራሳቸው እንደ ድንች ድብልብል ያለ ነው። ኳሱን ትንሽ ችካል ላይ አስቀምጬ ጠራርጌ ስመታው ኳሱ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያም ሰማይ ላይ የቀረ መሰለኝ። ጆይ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ "የታል?" አለች። እኔም አላየሁትም። ያን ቀን ዋልኩኝ ስስቅ።

ብረቶቹ ግን ጠሉኝ። ብረት የሚባሉት ቁጥር ያላቸው፣ ፊታቸው ጠፍጣፋ አጫጭር ዱላዎች ናቸው፤ ሩቅ ለመላክ ሳይሆን ኳሱ የሚገባበትን ጉድጓድ ከሚያመለክተው ባንዲራ አጠገብ ለማሳረፍ ነው የሚያዙት። ሰባት ቁጥሩን ይዤ ስመታ ኳሱ አይነሳም። አናቱን ብቻ እነካውና ሣሩ ላይ እንደ አይጥ ይሮጣል። ለእንጨቱ ያጨበጨቡልኝ ኬዲዎች ለብረቱ ዛፍ ስር ተጋድመው ይስቁ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ጨዋታ ነዋ።

ጨዋታነቱ ያበቃው ትከሻዬ እምቢ ያለ ዕለት ነው። ቦርሳ ከባድ ነው፣ ሜዳው ዳገት አለው። ሐኪሙ ዳብሶ ዳብሶ "ከዚህ በኋላ ሸክም የለም" አለኝ፤ ዱላ መወዝወዝ ግን አልከለከለኝም። ለሙዜ ካቶ ነገርኳቸው። ኬዲ ትከሻ ከሌላት ሥራ የላትም፤ ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን። "አንድ መንገድ አለ" አሉኝ። "ለጀማሪ ሴቶች ረዳት አሠልጣኝ ይፈልጋሉ። ግን ተጫውተሽ ማለፍ አለብሽ።" ፈተናው ሙሉውን ሜዳ ዞሮ ከተወሰነው ምት ሳያሳልፉ መጨረስ ነው። ወደ ሳህን መመለስ አልፈለግሁም፤ ከዚያ ጭጋግ መለየትን ከማንኛውም ነገር በላይ ፈራሁ።

ወደቅኩ። ፈታኙ ዋናው አሠልጣኝ ትሑት ሰው ነው፣ ሊያሳፍረኝ አልፈለገም። "በእንጨት ከኔ ተማሪዎች ሁሉ ትበልጫለሽ" አለኝ። "በብረት ግን አንቺ ራስሽ ተማሪ ነሽ። ዝናቡ ሲያበቃ አንድ ዕድል እሰጥሻለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።"

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ዱላ ቀየርኩ፣ አያያዝ ቀየርኩ፣ ጫማ ሳይቀር ቀየርኩ። ኳሱ አልነሳ ሲል ከሥር ላነሳው ወደ ኋላ እደገፍና እጄን ወደ ላይ እሰበስባለሁ፤ ይባስ ይሮጣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ሆነብኝ። ጆይ ሮሌክሷን፣ ማለትም በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላሏን እየገመጠች ታየኛለች። "ብረቱ ምን አድርጎሽ ነው?" ትለኛለች። "እኔ ነኝ ያደረግሁት እንጂ እሱማ ምን ያደርገኛል" እላታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ተፈራ "ቦርሳውን ጆይ ትያዝ፣ አንቺ ለወሬ ነይ" አሉኝ። ጋሽ ተፈራ እንጨት አይሆንላቸውም፤ ኳሳቸው ሁልጊዜ ጫካ ነው የሚገባው። ብረት ግን ያውቁበታል። ሜዳውን የሚያበላሽብኝ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሣሩ እንፋሎት ያወጣል። ስምንት ቁጥራቸውን ይዘው ኳሱን ቁልቁል መቱት፤ የጫማ ሶል የሚያህል ሣር ተገንጥሎ በረረ። ሳላስበው ከረጢቴን ይዤ ሮጥኩ።

"ጋሼ፣ ሜዳውን አረሱት እኮ!" አልኳቸው ተናድጄ።

"ላርሰዋ! ኳሱስ የታል?"

ኳሱ ባንዲራው ሥር ነው።

"ነይ፣ ከመድፈንሽ በፊት እስቲ ይሄን እዪ" አሉኝና ኳሱ የነበረበትን ቦታ በጫማቸው ጫፍ ነኩት። ቦታው ላይ ሣሩ ደህና ነው። ጉድጓዱ የሚጀምረው ከዚያ አልፎ፣ ወደ ባንዲራው በኩል ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጉድጓድ ስደፍን ኖሬ ከየት እንደሚጀምር አይቼ አላውቅም ነበር። የኔ ሥራ ምልክቱን ማጥፋት ስለሆነ ልብ ብዬ አላየሁትም።

"አንቺ ስትመቺ አይቼሻለሁ" አሉኝ። "መሬት ጋ ስትደርሺ ክንድሽን ትሰበስቢያለሽ። ሶፋ እንዳይቆሽሽ ጫፉ ላይ እንደሚቀመጥ እንግዳ። እንጨት ሣሩን ዳስሶ ነው የሚያልፈው፣ ለዚህ ነው የሚሆንልሽ። ብረት እንዲህ አይወድም። ኳሱን ትመቺና መሬቱ ውስጥ ትገቢያለሽ።"

"እኔ እኮ ሣሩ ያሳዝነኛል፣ ጋሼ።"

"ሣሩ ነው ወይስ ባለ ሜዳዎቹን ፈርተሽ ነው?"

ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ እሳቸውም አይተው እንዳላየ ወደ ኳሳቸው ሄዱ። ሰውየው ጎማ ነጋዴ ናቸው እንጂ ጨካኝ አይደሉም።

ከኬዲዎቹ ማረፊያ ጀርባ ሣር የሌለበት ቀይ አፈር አለ። ጆይ በእንጨት ስባሪ መስመር አሰመረችልኝ። ያለ ኳስ መምታት ጀመርኩ። ዱላው አፈሩን መጫር ያለበት ከመስመሩ ፊት ነው። መጀመሪያ ከመስመሩ ኋላ ጫርኩ። ክብደቴ ቀኝ እግሬ ላይ ቀርቶ ነው። ወደ ግራ እግሬ ተሻገርኩ፣ እጄ ከዱላው ራስ ቀደም ብሎ እንዲደርስ አደረግሁ። ጭረቱ ቀስ እያለ ወደ ፊት ሄደ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቀዩ አቧራ ከዱላዬ ሥር ተነስቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ምት የማልመታ፣ አቧራ የምዘራ ይመስለኝ ነበር። የሚያሳዝነኝ ነገር እዚያ ስለሌለ እጄ ታዘዘልኝ።

ሣር ላይ ስመለስ ግን እጄ ተሰበሰበ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ተስፋ ቆርጬ ተቀምጬ ሳለ ሙዜ ካቶ መጡና "ተከተይኝ" አሉኝ። ወደ ሜዳው ጥግ ወሰዱኝ። እዚያ የተጎዳ ቦታ ላይ ለመለጠፍ ለብቻው የሚለማ ሣር አለ፤ በየጊዜው በአካፋ ይቆረጣል።

"ይሄ የተተከለው ሊቆረጥ ነው" አሉኝ። "ዛሬ የአካፋውን ሥራ አንቺ ትሠሪያለሽ።"

"ሴቦ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ማለፌ እንዳይታወቅ ያሉኝ?" አልኳቸው፤ እነሱ ጌታዬ ለማለት ሴቦ ነው የሚሉት።

"ለኬዲ ነው ያልኩት" አሉኝ። "ኬዲ አይደለሽም። ትከሻሽ ጨርሷል።"

ቃሉ ከበደኝ። ቢሆንም ኳሱን አስቀመጥኩና መታሁ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከዚያ አንዱ መጣ። ኳሱ ተነካ፣ ሣሩ ቀጥሎ ተቆረሰ፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። መዳፌ ላይ ምንም አልተሰማኝም። ኳሱ ሳላነሳው ራሱ ተነሳ። ሙዜ ካቶ ሌላ ኳስ ወረወሩልኝ።

ዝናቡ አበቃ፣ የፈተናው ቀን ደረሰ። ቦርሳዬን የያዘችልኝ ጆይ ናት። እንጨቱ እንደ ልማዱ ታዘዘልኝ፤ ብረቱም ሲሆን እየሆነ፣ ሳይሆን እየቀረ እስከ መጨረሻው ባንዲራ ደረስን። ምቶቹ እያለቁብኝ ነበር። በኳሴና በባንዲራው መካከል ቦይ አለ። እንጨቱን ላውጣ ብዬ እጄን ሰደድኩ፤ እንጨት ግን ከባንዲራው አልፎ ዛፍ ውስጥ ነው የሚከተኝ። ብረት ቢሆንና እንደ ጥንቱ ቢሮጥ ደግሞ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ጆይ ሰባት ቁጥሩን ቀድማ አውጥታ ይዛዋለች።

ተቀበልኳት። ግራ እግሬ ላይ ቆምኩ። መታሁ።

ሣሩ ሲቆረስ ተሰማኝ፤ ቁራጩ ፊት ለፊቴ በረረ። ኳሱ ቦዩን ተሻግሮ ከፍ አለ፣ ፀሐዩ ውስጥ ጠፋ፣ ከዚያ ባንዲራው ዙሪያ ባለው የተላጨ ሣር ላይ እርፍ አለ። ፈታኙ "መልካም" አለ። እኔ ግን አጎንብሼ ቁራጩን መፈለግ ጀምሬያለሁ።

ጆይ ክንዴን ያዘችኝ። እንዲህ ኮስተር ብላ አይቻት አላውቅም።

"ተዪው" አለችኝ። "እሱ የኔ ሥራ ነው። አንቺ ወደ ኳስሽ ሂጂ።"

ሄድኩ። ወደ ኋላ ላለማየት አንገቴን እየታገልኩ ነው የሄድኩት። ለጥቂት አለፍኩ፣ ግን አለፍኩ።

አሁን የማስተምረው እንጨት ቀንቷቸው ብረት እምቢ ያላቸውን ነው፤ ብዙ ናቸው። ኳሱን በእጃችሁ አታንሱት፤ የሚያነሳው የዱላው ፊት ነው። ክብደታችሁን ወደ ፊት እግራችሁ አሻግሩ። መጀመሪያ ኳሱ፣ ቀጥሎ መሬቱ። ሣሩ ይድናል።