ለመጣው ሁሉ መነሳት

የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሽታ በመጣብኝ ቁጥር፣ ገበያ ውስጥም ልሁን አውቶቡስ ላይ፣ የአያቴ ጉልበት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል፤ ቆዳው የሳሳ፣ አጥንቱ የወጣ፣ በዘይት የሚያብለጨልጭ ጉልበት። አዋሽ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ የምታመጣላቸውን ዘይት ሲያሹ፣ እኔ ብልቃጡን ይዤ ከሥራቸው እቀመጥ ነበር።

አያቴ የባቡር ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደ ጣቢያው እየሄዱ፣ ባቡር በማይመጣበት ቀን እንኳ ሀዲዱን አይተው ይመለሱ ነበር፤ ባቡር የማይመጣበት ቀን ደግሞ እየበዛ ሄዶ ነበር። ጥቅምት ላይ ግቢ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ናዝሬት ተወስደው ታከሙ። ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ ኤፍሬም የሚባል ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እናቴና እኔ ባለንበት አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ አጥንቱ ገጥሟል፤ አሁን የሚያሰጋኝ ጭንዎ ነው» አላቸው። «ጭን በመቀመጥ ብዛት ይሞታል። እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት፣ ደግሞ ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ ሌላ መድኃኒት የለኝም። ይህን ከተዉ ሽንት ቤት ተሸክሞ የሚወስድዎ ሰው መፈለግ ነው።»

የአያቴ ፊት ተለወጠ። «በእግሬ ሽንት ቤት መሄድ ካቃተኝ ያን ቀን ቅበሩኝ» አሉ።

«ቤትዎ ሰው ይመጣል?»

«የጣቢያው ሰፈር በሙሉ ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያው ለመጣው ሁሉ ይነሱ። ለትልቁም ለትንሹም።»

በጋውን እንዲሁ ከረምን። ሽማግሌ ለልጅ ሲነሳ ታይቶ ስለማያውቅ የሰፈሩ ልጆች ወሬውን ሰምተው መጡ፤ አብረን በበሩ ወጥተን በበሩ እየገባን «ደህና ዋሉ አባባ!» ስንል፣ አያቴ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጭናቸው እየተንቀጠቀጠ ይነሱልን ነበር። እማማ ዘይነባ ሆዷን ይዛ ትስቅባቸው ነበር። «ወላሂ ጌታነህ፣ እኔ ደግሞ አክብረኸኝ የተነሳህ መስሎኝ ነበር! ለካ ለፍየሌም ትነሳለህ!»

«ፍየልሽ ካንቺ ይልቅ ሰው ታከብራለች፤ ሳታስፈቅድ አትቀመጥም» ይሏት ነበር እየተነፈሱ።

ሚያዝያ ላይ ክራንቹን አስቀምጠው በከዘራ ብቻ ጣቢያው ድረስ ሄደው ተመለሱ። ያን ቀን ማንም አላጨበጨበም፤ እናቴ ግን ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

ሙቀቱ ሲብስ፣ ሰመራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራው አባቴ ቤት ስለተሰጠው መጥቶ ወሰደን። አያቴ ታላቁን ልጃቸውን በወጣትነቱ ቀብረው የቀራቸው አባቴ ብቻ ስለነበር እንቢ አላሉም። ገዋኔን አልፈን ወደ ሰመራ በቀረብን ቁጥር ነፋሱ እንደ ምድጃ ትንፋሽ እየሆነ፣ የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪኖች መስኮታችንን እያናወጡ ሲያልፉ፣ አያቴ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይዘው ነበር።

የሰመራው ቤት ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ ነበር፤ አሸዋው እግር ያቃጥላል። እንግዶቹም ሌላ ነበሩ። የአባቴ ባልደረቦች፣ ከደጋ የመጡ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች፣ አያቴን ሊጠይቁ ሲገቡ አያቴ መነሳት ይጀምራሉ፤ እንግዶቹ ደንግጠው ይጮኻሉ። «ኧረ አባባ! በእናትዎ! ማን ነኝና!» እያሉ ትከሻቸውን ይዘው መልሰው ያስቀምጧቸዋል። ሁሉም ጨዋ ነበር። ሁሉም በፍቅር ነበር የሚጫናቸው። እናቴ የኤፍሬምን ምክር ለማስረዳት ብትሞክርም እንግዳው «ግድ የለም፣ ግድ የለም» ይላል እንጂ እጁን ከትከሻቸው አያነሳም።

አንድ እሑድ የቢሮው ኃላፊ መጥቶ ከሄደ በኋላ አባቴ ፊቱ ቀልቶ ከአያቴ ፊት ተንበረከከ።

«አባባ፣ ሰው ሽማግሌ አባቱን ያስነሳል እያለ እኔን ያማኛል። እስከ ዛሬ የለፉት ይበቃል። ከእንግዲህ እኛ አለንልዎ። በሞቴ፣ አይነሱ!»

እናቴ «ኧረ ተው፣ እንዲህ አትበላቸው» አለችው፤ ግን ቃሉ ወጥቶ ነበር። አያቴ አባቴን ትክ ብለው አዩት። አንድ ልጅ ለቀበረ ሰው በቀረው ልጅ ሞት መማል ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ የገባኝ ከዘራቸው ግድግዳ ተደግፎ አቧራ መልበስ ሲጀምር ነው።

በዚያ ሐምሌ ነፋሱ ቀን ከሌት አልቆመም። ውሃው፣ ምግቡ፣ የእጅ መታጠቢያው፣ ሁሉም ወደ ወንበሩ ይመጣ ነበር፤ መጀመሪያ እናቴና እኔ ደግፈን ግቢውን እናሻግራቸው የነበረው ቀርቶ አባቴ ከጎረቤቷ ከተማ ከሎጊያ ክዳን ያለው ፖፖ ገዝቶ መጣ። ሲያስረክባት እናቴ በጨርቅ ሸፍና ከአልጋው ሥር ከተተችው፤ አያቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጭናቸው ላይ ሱሪው እየሰፋ ሄደ። እማማ ዘይነባ በሹፌር የላከችውን ዘይት ሳሽላቸው ጣቶቼ ሥጋ አጥተው አጥንቱን ያገኙ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አባቴ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲፈታ አያቴ ጠሩት።

«በሞቴ ያልከውን አንሳልኝ» አሉት።

አባቴ ሳቀ። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካዎ? እሺ፣ አንስቻለሁ።»

አያቴ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ፣ ኤፍሬም እንዳሳያቸው ደረታቸውን ወደ ፊት አዘነበሉ፣ አንገታቸው ላይ ሥሩ ተገተረ። ከወንበሩ ግን አልተነሱም። እንደገና አዘነበሉ። አባቴ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቆ፣ አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ ቆመ።

«አየህ» አሉት አያቴ፣ ያለ ቁጣ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ኖሩ። የከፋው እሱ ነው።

ሰመራ ዛሬ አስፋልቱ በዝቷል፣ ፎቁም ቆሟል፤ ሙቀቱና ጨዋነቱ ግን እንደነበሩ ናቸው። አባቴ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣ፤ ጉልበቱ ያመዋል። የቀድሞ ባልደረቦቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ብድግ ይላል፣ እነሱም «በሞቴ ጋሼ!» ብለው ትከሻውን ይይዙታል። አያቴ እንዲህ ሲጫኗቸው ፊታቸው ይጠቁር ነበር። አባቴ ግን ፈገግ ብሎ፣ ደስ እያለው፣ ይቀመጣል።