የሰጠመው ሰው ሰላምታ

ኤገርት ሞቷል። እንዲያውም ሰጥሞ ነው የሞተው፤ ቢያንስ ምሥራቅ ጀርመን፣ ሮስቶክ ያሉት ሹማምንት የሚያውቁት እንደዚያ ነው። ሟቹ ግን በየማለዳው ጢሙን ተላጭቶ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ ከሃምቡርግ ወረድ ብሎ በኤልብ ወንዝ ዳር ወዳለችው የሰላምታ ቤት ሥራ ይገባ ነበር።

ሥራው ወደ ወደቡ ለሚገባ መርከብ ሁሉ ባንዲራ ዝቅ አድርጎ፣ በድምፅ ማጉያ የአገሩን መዝሙር ማሰማት ነው። ሙዝ ይጫን ብረት፣ መርከብ መዝሙር ይገባዋል። ከሥር ባለው ምግብ ቤት የተቀመጡት የተጠበሰ ዓሣቸውን እየበሉ ያዳምጣሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ እንደ ኤገርት ጡረታ ከወጣ የመርከብ ካፒቴን በቀር የምሬን ብሎ የሚይዘው የለም።

የመስጠሙ ነገር የመጣው በታናሽ ወንድሙ በሎታር ነው። የበርሊን ግንብ ቆሞ ጀርመን ለሁለት ስትዘጋ ኤገርት ምዕራብ፣ ሎታር ምሥራቅ ቀሩ። ሎታር የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሆኖ መቀጠር ፈለገ። ማዶ ወንድም ያለውን ሰው ግን ይኮበልላል ብለው ባሕር ላይ አያወጡትም።

"ወንድምህስ?" አሉት።

"ሰጠመ" አለ፤ አለቀ። አዘኑለት፣ ቀጠሩት። መርከበኞቹም ደግ ሰዎች ናቸውና በየዓመቱ ሙት ዓመቱን እየጠበቁ ቆባቸውን አውልቀው ባሕር ላይ አበባ ይጥሉለት ጀመር።

ምሥራቅ ያለችው እናታቸው ይህን በሰው ስታስነግረው ኤገርት አልተቀየመም። ችግሩ ሌላ ነበር። የሎታር መርከብ ሃምቡርግ ሲመጣ፣ ሎታር ወርዶ የሞተ ወንድም ልጠይቅ አይልም ነገር። ኤገርት የት እንደሚሠራ ግን ከእናታቸው ሰምቷል፤ ስለዚህ የሚገናኙት በመዝሙር ነበር። የመርከቡ ወጥ ቤት መስኮት የለውም፤ ሎታር የአገሩን ዜማ ሲሰማ ጭልፋውን እንደያዘ ወደ ኋለኛው ወለል ብቅ ይልና ያውለበልባል። ኤገርት ከሰላምታ ቤቱ ማማ ላይ ቆቡን ያወዛውዛል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ሆኖም ያን ቀን ለኤገርት እራት ይበላለታል።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሎታር አገር ከምዕራቡ ጋር ተዋህዳ እንደ ሱቅ ተዘጋች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይኼኛው ጉድ መስከረምን አሳልፎ መጣ። መርከቡ ግን ባሕር ላይ ነበር። ከአንድ አገር ወጥቶ ወደሌለ አገር እየተመለሰ ነው።

"ካፒቴን" አለው የሰላምታ ቤቱ አለቃ ክሌመንስ፣ "ያ የሮስቶክ መርከብ ነገ ይገባል። የኛን መዝሙር ይክፈቱለት።"

"ወንድሜ የኛን ከሰማ አይወጣም። ለሌላ መርከብ ነው ብሎ ድንቹን ይልጣል።"

"እኔ ለሰጠመ ሰው ደመወዝ እከፍላለሁ፤ ለሌለ አገር መዝሙር ግን አላሰማም።"

ኤገርት ቤቱ ገብቶ ሾርባውን አልነካም። ሚስቱ ጌዚና ታውቀዋለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ሂድና ወደቡ ላይ አግኘው። አሁን ማን ይከለክልሃል?"

"ሞቼ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንዴት ዝም ብዬ እከሰታለሁ?" አለ። ከዚያ ዋናውን አወጣው። "ውሸቱ ድሮ ለእንጀራው ነበር። አሁን አያስፈልገውም። መሞቴ ተስማምቶት ቢሆንስ? ነገ ካልወጣ ሞቻለሁ ማለት ነው።"

ጌዚና ሾርባውን መልሳ ምድጃው ላይ ጣደችው።

በማግሥቱ ኤገርት የድሮውን መዝሙር ካሴት በድብቅ ሊያወጣ መሳቢያውን ሲከፍት ባዶ ነው። የለም! ወደ ጓሮ ቢያይ፣ የምግብ ቤቱ አትክልተኛ አያስፈልግም ተብሎ የተሰጠውን ካሴት ክሩን ዘርግፎ የፒር ፍሬ ዛፍ ላይ ጠምጥሞታል። የአንድ መንግሥት መዝሙር በነፋስ እየተብለጨለጨ ወፍ ያባርራል።

መርከቡም ደረሰ። ባንዲራው መሐል ላይ ቀዳዳ ነበር፤ መርከበኞቹ አዲስ ባንዲራ ስላልነበራቸው የቀድሞውን መንግሥት ዓርማ በመቀስ ቆርጠው አውጥተውታል። በቀዳዳው ማዶ ሰማይ ይታያል።

ኤገርት ማይክሮፎኑን ከፈተና ራሱ ጀመረ። ግጥሙን አያውቀውም። ያ መንግሥት አንዷ ስንኝ ስለ አንዲት ያልተከፈለች አባት አገር ታነሳለች ብሎ ለዓመታት ያለ ቃል ሲያስመታው ነው የኖረው። ስለዚህ ኤገርት አንጎራጎረ። ሻካራ ድምፁ በወንዙ ላይ ተንከባለለ። ምግብ ቤቱ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሹካዋን እንደያዘች ተነሣች፤ ሌሎቹም ለየትኛው አገር እንደሆነ ሳያውቁ ተነሡ።

ክሌመንስ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። "ካፒቴን፣ ኧረ የየት አገር ነው ይሄ?"

ኤገርት ዜማውን ጨረሰ። ማንም አልወጣም። መርከቡ እያለፈ ነው። እንደገና ጀመረ፤ አሁን እያለቀሰ ነበርና ዜማው እዚህም እዚያም ተበላሸ።

ያኔ የኋለኛው በር ተከፈተ። ነጭ ሽርጥ፣ ጭልፋ።

"ሎታር" አለ ኤገርት በማጉያው፣ አገር እየሰማ። "እኔ ነኝ። አልሰጠምኩም። ማታ ሾርባ አለ።"

አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሎታር በሙሉ ልብስ፣ በእጁ ትልቅ የሐዘን አበባ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

"ለዘንድሮው ሙት ዓመትህ ተገዝቶ ነበር" አለ አንገቱን ደፍቶ። "እንዳይባክን ብዬ ነው። መርከበኞቹ ግን ተቀይመውሃል፤ ስንት ዓመት ቆብ አውልቀን ያዘንንለት ሰውዬ አሉ።"

ኤገርት አበባውን ተቀበለ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከሩቅ መተያየት እንጂ ማውራት አልለመዱም። በመካከላቸው የደጃፍ ምንጣፍ ብቻ ነበር።

ሎታር እጁን ከፍ አድርጎ ማውለብለብ ጀመረ። ኤገርትም ቆቡን አውልቆ መለሰለት።

"ኧረ ግቡ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ" አለች ጌዚና ከውስጥ።

አልሰሟትም፤ እያለቀሱ ያውለበልቡ ነበር።