የደላላው ሐንዱሌ ቀኝ እጅ

የእህቴ ባል ሐንዱሌ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ «ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ ዞሮ የሚያይ ሰው ነው። ግመል ሲገዛ የግመሏን ጥርስ አይቶ አይበቃውም፤ የሻጩንም ጥርስ ያያል። አልፈርድበትም። እኔም ያደግኩት እሱ በሚደልልበት በቡርኦ ከተማ የግመል ገበያ ውስጥ ነው፤ «ጠርጥር፤ አይጠፋም ከገንፎ ውስጥ ስንጥር» የሚባለው ለእኛ ተረት ሳይሆን የሥራ መመሪያ ነው።

የሐንዱሌ ሀብት ቀኝ እጁ ነበር። በእኛ ገበያ ዋጋ በአፍ አይነገርም። የሻጭና የገዢ ደላላ ቀኝ ለቀኝ ይያያዛሉ፤ አንዱ ከትከሻው ጨርቅ አውርዶ እጆቹን ይሸፍናል፤ ከዚያ ጣቶች ይነጋገራሉ። አንድ ጣት የያዘ አንድ አለ፣ አራት የያዘ አራት፤ መቶ ይሁን ሺህ ግመሏን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አፍ እንዳሻው ይዋሻል፤ ስለ አሮጊት ግመል «ትናንት ጡት የጣለች ናት» ብሎ ቢምል የሚቀየመው የለም። ከጨርቅ በታች የዋሸ ደላላ ግን ከዚያ ወዲያ እጁን የሚይዝለት ሰው አያገኝም። ግራ እጁን የዘረጋ ደግሞ የዘረጋው ስድብ ነው።

ታዲያ ሐጅ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አንድ ያልተገራ ግመል ገመዱን ነጠቀውና ሐንዱሌ በቀኝ እጁ ላይ ወደቀ። የእጁ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻው በእንጨት አሰረለት። የመፍቻው ቀን ሲደርስ ግን ሐንዱሌ እምቢ አለ። «ቶሎ ፍታ የሚለኝ ዳግም ተሰብራ ዳግም ሊያስከፍለኝ ነው» ብሎ እንደታሰረች አቆያት። በመጨረሻ ሲፈታት አጥንቱ ገጥሟል፤ እጁ ግን እንጨቱን ራሱን ሆና ቀርታለች። አንጓው አይታጠፍም፣ መዳፉ አይጨበጥም። የሻይ ብርጭቆ አነሳ ብሎ ጭኑ ላይ ደፋው።

የሐጅ ሰሞን ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ገበያ ነው። በበርበራ ወደብ በኩል በመርከብ ወደ ዓረብ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች የሚገዙት ያኔ ነው፤ የሀውድ አርብቶ አደሮችም ግመላቸውን ለሚያምኑት ደላላ የሚያስረክቡት ያኔ ነው። በዚያ ሰሞን ከገበያ የጠፋ ደላላ ለከርሞ የሚያስታውሰው የለም። ሐንዱሌ ቤት ውስጥ ተደብቆ «ወባ ይዞታል» አስባለ። ከሁሉ የፈራው ሱጉሌን ነበር። ሱጉሌ ለላኪዎቹ የሚገዛ ደላላ ነው፤ ሁለቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ ኖረዋል፣ አንድም ቀን ግን ተማምነው አያውቁም።

«እጄ መድከሟን ካወቀ አለቀልኝ» ይል ነበር።

እህቴ ዐምበሮ መረራት። «አልጋ ላይ ተቀምጦ ሾርባዬን ሲጠረጥር ከሚውል ወዲያ ውሰድልኝ» አለችኝ። ጎትቼ ሆስፒታል፣ ፊዚዮቴራፒ የሚባለው ክፍል አደረስኩት።

ባለሙያዋ ሂባቅ ትባላለች፤ ሀርጌሳ የተማረች፣ ኮስታራ ወጣት ናት። ራጁን አይታ አጥንቱ መግጠሙን አረጋገጠች። ክፍሏ ውስጥ ኳስ፣ ዱላ፣ የላስቲክ ገመድና ሩዝ የተሞላ ባልዲ አለ። ሐንዱሌ ዙሪያውን ቃኘና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ሰዲ» አለኝ፤ አማች ለአማች የምንጠራራው እንዲህ ነው። «ሕክምና ቤት ነው ወጥ ቤት ያመጣኸኝ? ማሽኑ የታለ? መርፌው የታለ?»

«አዴር» አለችው፣ አጎቴ እንደማለት፣ ጓንቷን እያጠለቀች፣ «እጅዎን ሩዙ ውስጥ ይክተቱና ጨበጥ ፈታ ያድርጉ።»

«አታሺኝም እንዴ?»

«ማሸት የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። የእርስዎ እጅ ግን የደረቀችው ሳትንቀሳቀስ ስለከረመች ነው። ብዙውን ሥራ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት፤ እዚህም፣ ቤትዎም።»

ወደ እኔ ዞረ። «ሰማህ? ወጌሻው እንኳ የበላው በላቡ ነው። ይቺ እኔን አሠርታ ደሞዝ ትበላለች!»

እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ አላረፈም። በሩዝ ባልዲ የዳነ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ጠየቀችው። «ሲታጠፍ ከአስር ስንት ያምዎታል? ዜሮ ምንም ነው፤ አስር የማይቻል ነው።»

የሐንዱሌ ዓይን በራ። ስንት ሲባል ምን እንደሚደረግ ያውቃል። «ዘጠኝ!» አለ ሳያመነታ።

ልጅቷ አመነችው። ጣቶቹን ቀስ አድርጋ ነካ ነካ አደረገች፤ የሕፃን ሥራ የሚመስል ነገር ሰጥታ ሸኘችው። መንገድ ላይ ተንጨረጨረ።

«የመጀመሪያውን ዋጋ የሚቀበል ሰው አይተህ ታውቃለህ? ዘጠኝ ስላት ‹ኧረ አዴር፣ ይቀንሱ› ማለት አልነበረባትም? አራት ላይ እንጨርስ ነበር!»

«የሚያምህ አራት ነው ማለት ነው?»

«እሱን ለአንተ ለምን እነግርሃለሁ?»

ደጋግመን ሄድን። በሄድን ቁጥር ዘጠኝ ይላል፣ እሷም ትራራለታለች፣ እጁም እንዳለች አለች። ቤትማ ጣቱን አያንቀሳቅስም፤ «ነካክቼ ብሰብራት ማን ሊጠየቅ ነው?» ባይ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ሊፈትናት ብሎ «ሁለት» አላት። ደስ አላት። ላስቲኩን አጠበቀች፣ አንጓውን ጠበቅ አድርጋ አጠፈች፣ ለቤትም ከበድ ያለ ሥራ ጨመረችለት። ሐንዱሌ ፊቱን እንደ ገበያ ፊት ድንጋይ አድርጎ ቻለው። ማታ እጁ ተነፋ።

በዚያው ሰሞን አንዲት የሰፈር ሴት እህቴ ቤት መጥታ የሂባቅን ዘር ቆጠረችለት። እናቷ የሱጉሌ እህት ናት! ቤቱ ውስጥ እሳት የተነሳ መሰለ።

በማግስቱ ሰው በሞላበት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጮኸባት። «አንቺ የሱጉሌ ሰላይ! እጄን እንድትገድይ አጎትሽ ነው የላከሽ! ሰዎች፣ እጃችሁን ለዚች አትስጡ!»

የተቀመጡት በሽተኞች እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰበሰቡ። እየገፋሁ አወጣሁት፤ በልቤ ግን «ደም ደም ነው፣ ማን ያውቃል?» እያልኩ ነበር።

እሱን ቤት አድርሼ ብቻዬን ተመለስኩ። ላፋጥጣት ነበር አካሄዴ።

«ለአጎትሽ ነግረሻል?» አልኳት።

«የበሽተኛዬን ነገር ለእናቴም አልነግር!» ዓይኗ እንባ ቋጥሯል፣ ንዴት ግን ይበልጣል። «እርስዎ ይልቅ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሥራውን የምመጥነው በሚነግረኝ ቁጥር ነው። ሁለት ብቻ ያመመው ሰው እጅ እንዲህ አያብጥም። ለምን?»

ሳልወድ ሳቄ መጣ። ዘጠኙም ሁለቱም የገበያ ዋጋ መሆኑን ነገርኳት። መጀመሪያ አፏን ከፍታ አየችኝ። ቀጥላ ጭንቅላቷን ያዘች።

«በሕመም ይከራከራል?»

«ከዚህ ሰው አፍ እውነት አትጠብቂ። እውነቱን ከፈለግሽ እጁን በጨርቅ ሸፍነሽ ጠይቂው» አልኳት፤ ለቀልድ ነበር ያልኩት።

ሐንዱሌን የመለሰችው ዐምበሮ ናት። «ወይ ሆስፒታል ሂድ፣ ወይ ገበያ ሄደህ ለሱጉሌ ሻይ ቅዳ!» አለችው። ሄደ፤ ግን በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬ ምን ልታደርጊኝ ነው?» አላት።

ሂባቅ ጓንት ያጠለቀች ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ ትልቅ ፎጣ ደረበችበት። «ይግቡ አዴር። ከፎጣው በታች ይንገሩኝ። ይህን ያህል ሳጥፈው ስንት ነው?»

ሐንዱሌ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ፎጣው አየ። የወንድ ጨዋታ በሴት ልጅ እጅ መምጣቱ ሳይገርመው አልቀረም። ሆኖም የተዘረጋና የተሸፈነ ቀኝ እጅ ነው፤ ልማድ አሸነፈውና እጁን ሰደደ። ፎጣው ተንቀሳቀሰ። ግንባሩ ላይ ላብ ፈላ። ጣቶቿን መያዝ ራሱ አቅቶታል፤ እሷ ግን አላገዘችውም፣ ጠበቀችው። በመጨረሻ ቀና ብላ «አራት» አለች። «ጥሩ። አራት ድረስ እንሠራለን፤ ሲያልፍ ይነግሩኛል፣ እኔም አቆማለሁ። ማሳመም አይደለም ሥራዬ፤ ሳያምም ብቻ ልሂድ ካልኩም እጅዎ አትመለስም።»

ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀችው። «ከአምስቱ ጣቶችዎ ስንቱ ይመለሳሉ ብለው ያምናሉ?»

ፎጣው ፀጥ አለ። አንድም ጣት አልያዘም። ሐንዱሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያ ሁሉ ጥርጣሬ ፍርሃት ኖሯል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሠራ። ጠዋት ጠዋት የባልዲውን ሩዝ ይጨብጣል፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አንጓውን ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ የረጠበ ጨርቅ ይጠመዝዛል። ዐምበሮ የምሳውን ሩዝ ከባልዲው እንዳትቀዳ እየተጣላት ሠራ። እጁ እያደር ላላች። ልጅቷን ግን አሁንም አላመናትም። «ብታድነኝም ለአጎቷ መንገሯ አይቀርም» ይለኛል። ይቅርታም አልጠየቃትም።

የሐጅ ገበያ ደረሰ። ሂባቅ «የመጨረሻዎቹ ሁለት ጣቶች ገና ናቸው፣ አይቸኩሉ» ብትለውም አልቀረም። ከሀውድ የመጣ አንድ ሽማግሌ ያለ የሌለውን አንድ ግመሉን ለሐንዱሌ አስረክቦ፣ በትሩን ተደግፎ አጠገቡ ቆመ። ገዢው ሱጉሌ ነበር።

«ወባው ለቀቀህ?» አለው ሱጉሌ።

«ለቀቀኝ። አንተስ አልሞትክም?» አለው ሐንዱሌ።

ተያያዙ፤ ጨርቁ ወረደ። ሐንዱሌ የሱጉሌን ፊት እንደ ግመል ጥርስ መረመረው፤ ምንም የለም። ብዙ አልቆዩም፤ ሱጉሌ ድንገት «አላህ ይባርክ!» ብሎ እጁን አወጣ፤ ዋጋው ተቆረጠ ማለት ነው። ሽማግሌውም አመስግኖ ፈገግ አለ። የሐንዱሌ ፊት ግን አመድ መሰለ። ለካ አራት ጣት ሊይዝ አስቦ አራተኛዋ ከደካሞቹ ጣቶቹ አምልጣለች፤ ሱጉሌ በሦስት ዘግቷል።

ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም። ከጨርቅ በታች የሆነውን የሚያውቁ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዝም ካለ እጁ እንደተደበቀች ትኖራለች፤ ሽማግሌውም ተበድሎ፣ መርቆ ይሄዳል።

ሐንዱሌ ጨርቁን ከእጁ ላይ ገፈፈው። «ሰዎች!» አለ። በግመል ገበያ እጁን ገልጦ የቆመ ደላላ አይቼ አላውቅም። «አራት ነው ያልኩት። ጣቴ አልጨበጥ ብሎኝ ነው። እጄ ተሰብራ ነበር፤ ወባ የለብኝም፣ ዋሽቼ ነው።»

ሰዉ ጉድ አለ። ሱጉሌ ያቺን ቀጭን እጅ አፍጥጦ አያት። «አንተ ሰው! መቼ ነው የተሰበርከው?»

«አታውቅም?» አለው ሐንዱሌ። «ልጅቷ አልነገረችህም?»

«የቷ ልጅ?» አለ ሱጉሌ።

ሱጉሌ ጨርቁን ከመሬት አነሳና እንደገና እጁን ዘረጋ። «ና፣ ቀስ ብለህ ያዝ፤ እጠብቅሃለሁ» አለው። በአራት ጨረሱ።

ሽማግሌው እንደሄደ ሐንዱሌ ምሳ ሳይል ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ጀመረ። እየሮጥኩ ደረስኩበት። ኮሪደሩ እንደዚያኛው ቀን ሰው ሞልቶታል። ሂባቅ ከክፍሏ ስትወጣ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«የሰደብኩሽ በሰው ፊት ነው» አለ፣ ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ይቅርታዬም በሰው ፊት ይሁን። በድዬሻለሁ፣ ልጄ።»

እሷ ፊቱን ሳይሆን እጁን ነበር የምታየው።

«አብጣለች፣ አዴር» አለች። «ይግቡ።»